ፖሊፕ «አለበት» ወይስ «ነበረበት»? የደንዳኔ ፖሊፕ ታሪክ ስላለው ሕመምተኛ የምርመራ ኮድ አሰጣጥ

«አለበት» እና «ነበረበት» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት አማርኛ ለሚናገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። አንደኛው ዛሬ ያለን ነገር ይናገራል፤ ሁለተኛው አልፎ የቀረን። በሕክምና መዝገብ ላይ ግን ይህ ግልጽ ልዩነት ብዙ ጊዜ ይደበዝዛል። በአሜሪካ ክሊኒኮች ሐኪሙ «የደም ግፊት ታሪክ ያለበት» ብሎ ሲጽፍ ሕመምተኛው ዛሬም ግፊት እንዳለበትና መድኃኒት እንደሚወስድ ለማመልከት ሊሆን ይችላል። «የደንዳኔ ፖሊፕ ታሪክ ያለበት» ሲል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊፑ ተቆርጦ ወጥቷል ማለቱ ነው። ኮድ ሰጪው ባለሙያ ይህን ካልለየ ከዓመታት በፊት የወጣ ፖሊፕ ዛሬም በአንጀት ውስጥ እንዳለ ሆኖ ይመዘገባል፤ ወይም ዛሬ የተገኘው ፖሊፕ ያለፈ ነገር ተደርጎ ይታለፋል።

ስሕተቱ በወረቀት ላይ የሚቀር ቢሆን ኖሮ ብዙም ባላሳሰበ ነበር። ነገር ግን በዚያ አገር የኮሎኖስኮፒውን ወጪ መድን ይሸፍነው ወይም ሕመምተኛው ከኪሱ ይክፈለው የሚወሰነው በኮዱ ነው። የሚቀጥለው ምርመራ ቀጠሮም የሚቆመው ኮዱ በቆመበት በዚያው መረጃ ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በአሜሪካ ሥራ ላይ ያለውን የአሥረኛውን ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ክሊኒካዊ ቅጂ፣ ማለትም አይሲዲ-10-ሲኤም የሚባለውን ነው። በዚያ አገር የሚሠሩ በርካታ የሙያ ባልደረቦቻችን በየዕለቱ ይገለገሉበታል። የኮዶቹን መነሻ የላቲን ፊደላት እንደ አጠራራቸው «ዜድ»፣ «ዲ» እና «ኬ» እያልን እንጽፋቸዋለን።

ፖሊፕ ሁሉ አንድ አይደለም

ፖሊፕ ማለት ከትልቁ አንጀት የውስጥ ሽፋን ላይ ወደ ቧንቧው ክፍተት ያደገ እባጭ ነው። ቃሉ መልክን እንጂ ባሕርይን አይነግርም። ባሕርዩ የሚታወቀው ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ ተመልክቶ ስም ሲሰጠው ነው። ሃይፐርፕላስቲክ የሚባለው ዓይነት፣ በተለይ ትንሽና በሬክተም ወይም በሲግሞይድ አካባቢ የሚገኘው፣ ወደ ካንሰር ይለወጣል ተብሎ አይፈራም። አዴኖማ ግን ሊለወጥ የሚችል ነው። አብዛኛው ሳይለወጥ ይቀራል፤ የሚለወጠውም ለዚያ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ዓመታት ይፈጅበታል። ሰሬትድ የሚባለው፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆራረጠ ጠርዝ ያለው ዓይነት፣ ቀድሞ ከሃይፐርፕላስቲክ ጋር ይደባለቅ የነበረ ሲሆን ዛሬ ግን በራሱ መንገድ ወደ ካንሰር ሊያመራ እንደሚችል የታወቀ ነው።

አዴኖማን አውጥቶ መጣል ጥቅም እንዳለው በማስረጃ የተረጋገጠ ነው። የአሜሪካው ብሔራዊ የፖሊፕ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው ውጤት አዴኖማቸው የወጣላቸው ሰዎች በደንዳኔና በሬክተም ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሚጠበቀው በታች መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የረጅም ጊዜ ክትትል ደግሞ በዚሁ ካንሰር የሚሞቱት ከአጠቃላዩ ሕዝብ አንጻር ሲገመቱ በ53 በመቶ ያነሱ መሆናቸውን ገለጸ። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ አዴኖማ ያወጣ አንጀት ሌላ ሊያበቅል ይችላል። የታሪክ ኮድ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። የኮድ አሰጣጥ መመሪያው ራሱ የግል ታሪክ ኮድን የሚሰጠው ዛሬ ለሌለ፣ ሕክምናም ለማይደረግለት፣ ነገር ግን ሊመለስ ስለሚችል ክትትል ለሚሻ ሕመም ነው።

ኮዶቹ

በቀድሞው በዘጠነኛው ቅጂ ታሪኩ ቪ12.72 በሚል ኮድ ይመዘገብ ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2015 ወደ አሥረኛው ስትሸጋገር ዜድ86.010 ሆነ። ይህ ኮድ ለዘጠኝ ዓመታት አዴኖማ የወጣለትንና ምንም የማያሰጋ ሃይፐርፕላስቲክ ፖሊፕ የወጣለትን ሰው በአንድ ቅርጫት ሲከት ኖረ። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ግን በአራት ተከፍሏል። ዜድ86.0101 የአዴኖማና የሰሬትድ ፖሊፕ ታሪክ ነው። ዜድ86.0102 የሃይፐርፕላስቲክ ፖሊፕ ታሪክ ነው። ዜድ86.0109 የሌላ ዓይነት የደንዳኔ ፖሊፕ ታሪክ ነው። ዜድ86.0100 ደግሞ ዓይነቱ ያልተገለጸ የደንዳኔ ፖሊፕ ታሪክ ነው። ሰባተኛው አኃዝ የሌለው የድሮው ኮድ ከዚያ ወዲህ ለተሰጠ አገልግሎት ተቀባይነት የለውም።

በእኔ አመለካከት ይህ ክፍፍል ከብዙ ዓመታዊ ማሻሻያዎች ይልቅ ለሕመምተኛው የሚጠቅም ነው። አደጋውም ከዚሁ ጋር አብሮ መጥቷል፤ ኮድ ሰጪው ቸኩሎ ሁሉንም «ያልተገለጸ» ወደሚለው ወደ ዜድ86.0100 ካጋዘ ክፍፍሉ ከንቱ ይሆናል። ይህ ኮድ የድሮው ውጤት በእርግጥ ለጠፋበት ሕመምተኛ ታማኝ መልስ ነው። የፓቶሎጂው ወረቀት በዚያው መዝገብ ሦስት ገጽ ወደ ኋላ ተቀምጦ ሳለ ሲሰጥ ግን ስንፍና ነው። በሌላ በኩል ሐኪሙ «ፖሊፕ ነበረበት» ብቻ ብሎ ከጻፈና ሌላ ማስረጃ ከሌለ ኮድ ሰጪው «አብዛኛው አዴኖማ ነው» ብሎ በግምት ዜድ86.0101 የመስጠት መብት የለውም። ሐኪሙን ይጠይቅ።

ዛሬ በአንጀት ውስጥ ያለ ወይም በዛሬው ምርመራ የወጣ ፖሊፕ የታሪክ ኮድ አይሰጠውም። አዴኖማ ከሆነ እንደ ተገኘበት ቦታ ከዲ12 ሥር ይመደባል፦ በሲከም ዲ12.0፣ ወደ ላይ በሚወጣው ደንዳኔ ዲ12.2፣ በአግዳሚው ዲ12.3፣ በወራጁ ዲ12.4፣ በሲግሞይድ ዲ12.5፣ በሬክተም ዲ12.8። ሃይፐርፕላስቲክ ወይም ዓይነቱ ያልታወቀ የደንዳኔ ፖሊፕ ኬ63.5 ሲሆን የሬክተም ፖሊፕ ኬ62.1 ነው። ኬ63.5 እና ዲ12 ለአንድ ፖሊፕ በአንድነት አይሰጡም። የተመላላሽ ሕክምና መመሪያ «ይመስላል» ወይም «ይጠረጠራል» ለተባለ ነገር እንደ ተረጋገጠ ኮድ መስጠትን ስለሚከለክል፣ ኮሎኖስኮፒውን ያደረገው ሐኪም «አዴኖማ ይመስላል» ብሎ ቢጽፍ የፓቶሎጂውን ውጤት መጠበቅ ይገባል። ጥቂት ቀን መታገሥ በሕመምተኛው መዝገብ ላይ ለዓመታት የሚኖርን ስሕተት ያስቀራል።

ሁለት ድንበሮች በተለይ ጥንቃቄ ይሻሉ። የመጀመሪያው ተከፋፍሎ የወጣ ትልቅ ፖሊፕ ነው። 20 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ፖሊፕ በቁርጥራጭ ሲወጣ ሕመምተኛው ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ እንዲታይ ይመከራል። ሲመለስ ሐኪሙ «ቅሪት ስላለ ለማውጣት» ብሎ ከጻፈ ፖሊፑ ገና «አለ» ማለት ነውና ኮዱ ከዲ12 ሥር ይሆናል። «ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፤ ለክትትል የመጣ» ካለ ግን ታሪክ ሆኗል። ሁለተኛው በፖሊፑ ውስጥ ወራሪ ካንሰር ሲገኝ ነው። ያ ሕመምተኛ ሕክምናውን ከጨረሰ በኋላ ለደንዳኔ ካንሰር ታሪክ የሚሰጠው ዜድ85.038 ይጻፍለታል እንጂ «ፖሊፕ ነበረበት» ተብሎ ጉዳዩ አይቃለልም፤ ለክትትል ሲመጣም መነሻ ኮዱ ዜድ08 ነው።

የትኛው ኮድ ይቅደም?

ወይዘሮ ሀ እና አቶ ለ የተባሉ ሁለት ሕመምተኞችን በምሳሌነት እንውሰድ። ሁለቱም የ58 ዓመት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ከሰባት ዓመት በፊት አንዳንድ ትንሽ አዴኖማ ወጥቶላቸዋል። ወይዘሮ ሀ ምንም ምልክት ሳይኖራቸው ቀጠሯቸው ደርሶ መጡ። አቶ ለ ግን ከሁለት ሳምንት ወዲህ ደም ስላዩ ነው የመጡት።

የወይዘሮ ሀ ምርመራ የክትትል ምርመራ ነው። ክትትልም ምልክት በሌለው ሰው ላይ እስከ ተደረገ ድረስ የልየታ ምርመራ አንድ ዓይነት ተደርጎ ስለሚቆጠር ዜድ12.11 ቀድሞ፣ ዜድ86.0101 ተከትሎ ይጻፋል። ሕክምናው ካለቀ ሕመም በኋላ ለሚደረግ ክትትል የሚሰጠውን ዜድ09ን በመነሻነት የሚጠይቁ ከፋዮችም ስላሉ የከፋዩን ደንብ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። በምርመራው አዲስ ፖሊፕ ቢገኝ እንኳ የልየታው ኮድ ከመጀመሪያው ቦታ አይነሣም፤ የአዲሱ ፖሊፕ ኮድ ተጨማሪ ሆኖ ይገባል። ሰውየው የመጣበት ምክንያት በተገኘው ነገር አይለወጥምና።

የአቶ ለ ምርመራ ግን ልየታ አይደለም። የመጡበት ምክንያት የደም መፍሰስ ስለሆነ ከሬክተም ለሚፈስ ደም የሚሰጠው ኬ62.5 ይቀድማል፤ ወይም መንስኤው በምርመራው ከተረጋገጠ የመንስኤው ኮድ ይቀድማል። ዜድ86.0101 ከኋላ ይከተላል። ይህን ምርመራ ለሕመምተኛው ቀላል እንዲሆን በማሰብ «ልየታ» ብሎ መጻፍ በቅን ልብ የሚሠራ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም መዝገብን ማዛባት ነው።

ወጪውና ቀጠሮው

ጉዳዩ ሕመምተኛን የሚያስመርረው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው የአሜሪካ የጤና ሕግ መሠረት አብዛኞቹ የግል መድኖች የሚመከረውን የልየታ ምርመራ ሕመምተኛውን ሳያስከፍሉ ይሸፍናሉ። ይህ ምክር እ.ኤ.አ. በ2021 ሲሻሻል መነሻ ዕድሜው ወደ 45 ዓመት ዝቅ ብሏል። ነገር ግን ምክሩ የሚመለከተው መካከለኛ ተጋላጭነት ያላቸውን፣ ማለትም ከዚህ በፊት አዴኖማ ያልተገኘባቸውን ሰዎች ነው። ስለዚህ አንድ ሰው የመጀመሪያውን ኮሎኖስኮፒ በነጻ አድርጎ አዴኖማ ከተገኘበትና ከወጣለት፣ በሚቀጥለው ጊዜ መድኑ «ይህ ልየታ ሳይሆን ክትትል ነው» ብሎ ሊያስከፍለው ይችላል። ይበልጥ ምርመራ የሚያስፈልገው ሰው ይበልጥ ይከፍላል ማለት ነው። ሥርዓቱ እዚህ ላይ የተዛባ መሆኑን መናገር ይገባል፤ መፍትሔው ግን የታሪክ ኮዱን መደበቅ አይደለም። ኮዱ ከተደበቀ ሰውየው ከመካከለኛ ተጋላጮች ጋር ይቆጠርና የሚቀጥለው ጥሪው ወደ አሥር ዓመት ሊገፋ ይችላል። የሚሻለው ወጪውን አስቀድሞ ለሕመምተኛው መንገር፣ መድኑንም ከምርመራው በፊት መጠየቅ ነው።

ለአረጋውያን የሚያገለግለው ሜዲኬር የአዴኖማ ታሪክ ያለበትን ሰው ከፍተኛ ተጋላጭ ብሎ ይመድበዋል። ለእርሱ የሚደረገው ኮሎኖስኮፒ ጂ0105 በሚል የአገልግሎት ኮድ በየ24 ወሩ ይሸፈናል፤ ከፍተኛ ተጋላጭ ላልሆነው ደግሞ ጂ0121 በሚል ኮድ በየ120 ወሩ። በምርመራው ፖሊፕ ተገኝቶ ሲቆረጥ ሕመምተኛው 20 በመቶ ይከፍል የነበረው እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በወጣ ሕግ ደረጃ በደረጃ እንዲቀንስ ተደርጓል፦ ከ2023 እስከ 2026 15 በመቶ፣ ከ2027 እስከ 2029 10 በመቶ፣ ከ2030 ጀምሮ ምንም። ይህ እንዲሠራ ግን ምርመራው በልየታነት መጀመሩን የሚያሳየው «ፒቲ» የሚባለው ቅጥያ በአገልግሎት ኮዱ ላይ መጨመር አለበት። ይህች ቅጥያ ተረስታ አንድ አረጋዊ የማይገባውን ሂሳብ ይዞ ሲንከራተት ማየት የተለመደ ነው።

አሁን አንድ ነገር እንለይ። ሜዲኬር በየ24 ወሩ ይከፍላል ማለት ሕመምተኛው በየሁለት ዓመቱ ኮሎኖስኮፒ ይደረግለት ማለት አይደለም። ያ የክፍያ ወሰን ነው። የሕክምናው ወሰን ሌላ ነው። የአሜሪካ የአንጀት ሐኪሞች ማኅበራት የጋራ ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ምክር መሠረት ከ10 ሚሊሜትር ያነሱ አንድ ወይም ሁለት ቱቡላር አዴኖማዎች የወጡለት ሰው የሚመለሰው ከ7 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ሦስት ወይም አራት ከሆኑ ከ3 እስከ 5 ዓመት፣ ከአምስት እስከ አሥር ከሆኑ በ3 ዓመት፣ ከአሥር ከበለጡ በ1 ዓመት ይመለሳል። አንዱ እንኳ 10 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ቪለስ ባሕርይ ወይም ከፍተኛ ዲስፕሌዢያ ካለበት፣ ቀጠሮው በ3 ዓመት ነው። በሬክተምና በሲግሞይድ ከ10 ሚሊሜትር ያነሱ ሃይፐርፕላስቲክ ፖሊፖች ብቻ የነበሩበት ሰው፣ ቁጥራቸው ከሃያ እስካልበለጠ ድረስ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ከ10 ዓመት በኋላ ይመለሳል። እነዚህ ሁሉ አኃዞች የሚጠበቁት የአንጀቱ ጽዳት በቂ ከሆነና ምርመራው እስከ ሲከም ከደረሰ ነው። ዜድ86.0101 የሚለው ኮድ መጠኑን፣ ቁጥሩንም ሆነ ጽዳቱን አይናገርም። ኮዱን አይቶ ብቻ ቀጠሮ የሚሰጥ ክሊኒክ አንዱን ሕመምተኛ ያለ አስፈላጊነት ያንገላታል፤ ሌላውን ያዘገያል።

«ኪንታሮት ነው ያሉኝ»

በዋሺንግተንና አካባቢዋ፣ ወይም ሌላ ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት ከተማ የሚሠራ ባለሙያ ሌላም ችግር ያጋጥመዋል። ፖሊፕ የተለመደ የአማርኛ ስም የለውም። አንዳንዱ አስተርጓሚ «እባጭ» ይለዋል፤ አንዳንዱ «ትርፍ ሥጋ»፤ «ኪንታሮት» የሚልም አለ። ኪንታሮት ደግሞ በሕዝቡ አነጋገር የፊንጢጣ ደም ሥር እብጠትም፣ በቆዳ ላይ የሚወጣው ነገርም ነው። እናም አንዲት እናት «ከዚህ በፊት ከአንጀትዎ ያወጡልዎት ነገር ነበረ ወይ?» ተብለው ሲጠየቁ «ኪንታሮት ነው ያሉኝ ልጄ፣ ቆርጠው ጣሉልኝ» ቢሉ፣ መዝገቡ ላይ የኪንታሮት ቀዶ ሕክምና ታሪክ ሊጻፍ፣ አዴኖማውም ደብዛው ሊጠፋ ይችላል።

ስለዚህ ስሙን ትተን ሁኔታውን መጠየቅ ይበጃል፦ «እማማ፣ ያን ጊዜ ከምርመራው በፊት ሆድዎን የሚያጸዳ መድኃኒት ጠጥተው ነበር? በቀጭን ካሜራ ነበር ያዩዎት? የተቆረጠው ወደ ላቦራቶሪ ተልኮ ነበር? ከስንት ዓመት በኋላ ተመለሺ አሉዎት?» የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል። በሦስት ዓመት ተመለሺ የተባሉ እናት የነበረባቸው ተራ ኪንታሮት እንዳልሆነ መገመት አያዳግትም። ግምቱ ኮድ ለመስጠት አይበቃም፤ የድሮውን ሪፖርት ለማስፈለግ ግን ይበቃል።

በቤተሰብ ያለ ታሪክም ከግል ታሪክ ጋር ሲምታታ ይታያል። «በቤታችን ይህ ሕመም አለ» የሚል ሰው ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ወንድሙ ሊሆን ይችላል የሚናገረው። ለቤተሰብ ታሪክ የተለዩ ኮዶች አሉ። ቀድሞ ዜድ83.71 ብቻ የነበረው እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2023 ጀምሮ ተከፍሎ፣ ለአዴኖማና ለሰሬትድ ዜድ83.710፣ ለሃይፐርፕላስቲክ ዜድ83.711፣ ለሌላ ዓይነት ዜድ83.718፣ ላልተገለጸ ዜድ83.719 ሆኗል። ወላጁ፣ ወንድሙ ወይም እኅቱ ከ60 ዓመት በፊት ከፍ ያለ ደረጃ ላይ የደረሰ አዴኖማ የተገኘበት ሰው ምርመራውን በ40 ዓመቱ፣ ወይም ዘመዱ ከተገኘበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድሞ፣ ከሁለቱ በሚቀድመው እንዲጀምር ይመከራልና ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም።

በአገር ቤት ለሚሠሩ ባልደረቦች

የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው የአሥረኛው ምደባ መሠረታዊ ቅጂ የፖሊፕ ታሪክ የሚገባው ዜድ86.0 በሚለው ሰፊ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ክፍሉ ካንሰር ላልሆኑ ሌሎች እባጮች ሁሉ የሚያገለግል ነው። ከላይ የዘረዘርናቸው ተጨማሪ አኃዞች የአሜሪካ ቅጂ ናቸው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ኮሎኖስኮፒ ለተደረገለት ሰው ልዩነቱን የሚሸከመው ኮዱ ሳይሆን በእጁ የሚሰጠው ጽሑፍ ነው። ሕመምተኛው ነገ ወደ ልጆቹ ዘንድ ወደ ውጭ አገር ቢሄድ፣ ወይም ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ቢዛወር፣ «ፖሊፕ ተቆርጧል» የምትል አንዲት መስመር ለማንም አትጠቅመውም። ምርመራው የተደረገበት ቀን፣ ሲከም መደረሱ፣ የጽዳቱ ሁኔታ፣ የፖሊፖቹ ቁጥር፣ የእያንዳንዱ ቦታና መጠን በሚሊሜትር፣ በሙሉ ወይም በቁርጥራጭ መውጣቱ በግማሽ ገጽ ይሰፍራሉ። የፓቶሎጂው ውጤት ዘግይቶ ስለሚመጣ በዚያች ወረቀት ላይ ሳይጨመር ይቀራል፤ ሕመምተኛው ውጤቱን ሊወስድ ሲመጣ ሁለቱን አያይዞ መስጠትና ቅጂውን እንዲያስቀምጥ መንገር ያስፈልጋል።